ሴቲንግ ግባ

የስልክ ችግራችሁን ለሰው ነግራችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ገና «ስልኬ…» ከማለታችሁ «ሴቲንግ ግባ!» የሚለውን ሰው ታውቁታላችሁ። በሰፈራችን በሴቻ ይህ ሰው የእኛው ደምሴ ነው። የጨንቻ ልጅ ነው፤ ሆዱን ቢያመው እንኳ ሐኪሙን «መጀመሪያ ሴቲንግ ግባ» ሳይለው አይቀርም። ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ጁስ ቤት ተቀምጠን ሳለ ጡረተኛው የአማርኛ መምህር ጋሽ መኮንን ተክዘው መጡ። ካምባ ያለችው ልጃቸው መውለጃዋ ደርሷል፤ ስልካቸው ግን መጮህ ካቆመ ሰንብቷል።

«ሴቲንግ ይግቡ ጋሼ!» አለ ደምሴ ስልኩን ተቀብሎ። ወዲያው ላብ አጠመቀው። ስልኩ በአማርኛ ነበር!

«ሴቲንግ የታለ? ‹ቅንብሮች› ምንድን ነው?»

«ቋንቋህ አይደለም እንዴ?» ተቆጡ ጋሽ መኮንን።

«የእኔ ቋንቋ ጋሞኛ ነው ጋሼ!»

አንገቴን አስግጌ ሳይ «አትረብሽ» የሚለው በርቷል። እሱ ከበራ ስልክ ቢደወልለትም ድምፅ አያሰማም።

«ጋሼ፣ ይህን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ እንጂ! ዕድሜ ልኬን ተማሪን ‹አትረብሽ› ስል ኖሬ፣ እኔ ስባል አልሰማም? ትቼው ተቀመጥኩ።»

ነካ አድርጌ አጠፋሁት። ብዙም ሳንቆይ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ተገላገልኩ!»

የጋሽ መኮንን ፊት በራ። ደምሴ ግን አሁንም ትከሻቸው ላይ ጎንበስ ብሎ «ድምፁን ለመጨመር ሴቲንግ…» ሲል፣ ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«አትረብሽ!»