ቀበሌ የማያውቀው አበባ

አንባቢዬ፣ በእርስዎ ሰፈር «የማን ልጅ ነሽ?» ሳይል ውኃ እንኳ የማይሰጥ ሰው የለም? እኛ ደባርቆች እትዬ ጥሩነሽ አሉን። ሰው ይቅርና በግ ሲገዙ እንኳ እናቷ የየት አገር እንደሆነች ይጠይቃሉ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት እኔና ጓደኛዬ ሰናይት አበባ ይዘን ልንዘፍን በራቸው ላይ ቆምን። ሰናይት አባቷ አስተማሪ ሆነው እዚህ ስለተመደቡ ከጅማ የመጣች ናት። የደባርቅ የመጀመሪያ በዓሏ ስለሆነ ከበር እንዳይመልሷት ፈርታለች። ከአደዩ ጋር ሮዝ ቀለም ያለው አበባ ቀላቅለናል። አንድ ሹም ከአዲስ አበባ አምጥተው ግቢያቸው የዘሩት ነው ይባላል፤ እሳቸው ተዛውረው ሲሄዱ አበባው አጥር ዘሎ በየመንገዱ በቀለ።

እትዬ አበባውን አዩት፤ ሰናይትንም አዩዋት።

«ይህ ደግሞ የማን አገር አበባ ነው?»

«እንጃ እትዬ» አልኩ።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? ቀበሌ ያውቅሻል?»

የሰናይት ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ አበባውን የቀጠፍነው እኮ ከእርስዎ አጥር ሥር ነው!»

ወጥተው አዩ። እውነትም አጥራቸውን ሞልቶታል። ለካ እሳቸውም ለቀበሌ ሳያስታውቁ እንግዳ አሳድረዋል!

«በሉ ዝፈኑ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «እኔ የሰው አገሩን በድምፁ አውቃለሁ።»

ሰናይት ዘፈኑን አወረደችው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «አላልኩም? ይህ የደባርቅ ድምፅ ነው!» ብለው ድፎውን ቆረሱላት።

የጅማዋ ልጅም እጅ ነስታ ተቀበለች።