የ002 ቁጥር ማስክ ርክክብ

በ2002 ዓ.ም. የአሳማ ጉንፋን ዓለምን ሲያዳርስ የእኛ ጤና ጣቢያ ዝግጅቱን አጠናቆ ይጠባበቅ ነበር። ጤና ጣቢያችን ያለው ከሮቤ ወደ ገሰራ ሲኬድ፣ ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ብቻ በሚቆምባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እኔ ዙሀይራ እባላለሁ። ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ የወር ሪፖርትም የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በመዝገብ የተደገፈ ነው። መዝገቡንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

የመጀመሪያው እርምጃችን ደብዳቤ ነበር። ወረዳው ስለ በሽታው ምን እያደረጋችሁ ነው ብሎ ሲጠይቀን፣ ኃላፊያችን አቶ ገዛኸኝ «በአካባቢያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ የማይበላ በመሆኑ፣ ከዲንሾ ፓርክ ወዲህም ከርከሮ እንኳ ታይቶ ስለማያውቅ፣ በሽታው እኛን አይመለከትም» ብለው አስጻፉኝ። ደብዳቤው ተመልሶ መጣ። በሽታው ባይመለከተን እንኳ ዕቅዱ እንደሚመለከተን ተነገረን።

ዕቅድ አወጣን። ተራ ቁጥር 14 ላይ «በሥራ ላይ እያሉ በበሽታው የሚያዙ ጤና ባለሙያዎች» ይላል። አቶ ገዛኸኝ ዜሮ አስሞሉት። ወሩ ሲያልቅ ክንውኑም ዜሮ ሆነ። መቶኛውን ላወጣ ዜሮን ለዜሮ ባካፍል ካልኩሌተሩ አንድ የላቲን ፊደል ጽፎ ቀጥ አለ። አቶ ገዛኸኝ ካልኩሌተሩ የቢፒአር ሥልጠና እንዳልወሰደ ገልጸው መቶ በመቶ አስጻፉኝ። በበሩ ላይም «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ።

በታኅሣሥ፣ ስንዴው በኮምባይነር እየታጨደ ገበሬው ሁሉ እየሳለ ሲመጣ፣ አንድ ካርቶን ማስክ ደረሰን፤ ሃምሳ ፍሬ። የተረከቡት ጋሽ በየነ ናቸው፤ የግምጃ ቤታችን ኃላፊ። ጋሽ በየነ በደርግ ጊዜ የተረከቡትን የመኪና ጎማ እስከ ዛሬ ሳያጎድሉ የያዙ ሰው ናቸው። መኪናው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ጎማው ግን አለ። ካርቶኑን አገላብጠው ሲያዩ የመጠቀሚያ ጊዜው ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚያበቃ ተጽፎበታል። ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል ዕቃ ደግሞ በመመሪያው መሠረት ቋሚ ንብረት ነው፤ እንደ ጠረጴዛ፣ እንደ ሚዛን። ስለዚህ ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው፣ በእያንዳንዱ ማስክ ፊት ላይ ከ001 እስከ 050 በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ እንዳይለቅ ማጠብ ተከለከለ።

001 ለአቶ ገዛኸኝ ወጣ። እሳቸው በሽተኛ ስለማያዩ፣ እንዳይቆሽሽ መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። 002 ለሕክምና ክፍሉ ተሰጠ። ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነርሶች አሉ፤ ማሜ፣ መቅዲና ለሊሴ። ሦስት ይሁኑ እንጂ ተረኛው አንድ ነው። አንድ ወንበር ሦስቱንም በተራ ካስቀመጠ አንድ ማስክ ለሦስቱ የማይበቃበት ምክንያት አልተገኘም። የቀሩት አርባ ስምንቱ ምናልባት ወረርሽኝ ቢመጣ ተብሎ ተቀመጡ።

ርክክቡ እንዲህ ነበር። የሚወጣው ተረኛ ማስኩን ከፊቱ ያወልቃል። የሚገባው «002 ቁጥር ማስክ ከነማሰሪያው ተረከብኩ» ብሎ ይፈርምና ፊቱ ላይ ያስራል። ብዙ ጊዜ ገና እርጥብ ነው። መቅዲ ማስኩን ባደረገች ቁጥር ማሜ ምሳ ምን እንደበላ ትነግረው ነበር፤ ተሳስታም አታውቅ።

ለሊሴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የአጋርፋ ልጅ ናት፤ ከባሏ ከጃርሶ ጋር ከጤና ጣቢያው ጀርባ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ ብላ በኦሮምኛ ጠርታ «ያ ዙሀይራ» ካላለችኝ ሥራ የጀመርኩ አይመስለኝም። እወዳት ነበር። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ መጣች። በሽታው ነፍሰ ጡር ላይ እንደሚከፋ ከላይ በመጣው ጽሑፍ ላይ አንብባለች። ከአርባ ስምንቱ አንድ ለብቻዋ እንዲሰጧት ብቻ ነው የፈለገችው።

አብረን ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድን። ጋሽ በየነ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው አስቀመጧትና የንብረት ማውጫውን ቅጽ፣ ሞዴል 22ን፣ አስፈርማ እንድትመጣ ነገሯት። ማሜ ከኋላችን ደርሶ ይህ ነገር አንዴ ተደርጎ የሚጣል ነው አላቸው። ጋሽ በየነ ደነገጡ። ንብረት ማስወገድ የማስወገጃ ኮሚቴ እንደሚጠይቅ፣ ኮሚቴውም ጨረታ ማውጣት እንዳለበት በትዕግሥት አስረዱት። አቶ ገዛኸኝ ደግሞ ሞዴሉን ሳይፈርሙ፣ ጥያቄው የጋራ ስለሆነ በዓርብ ግምገማ ላይ ይነሳ አሉ።

ዓርብ ተነሳ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ሲስተር ለሊሴ ያነሳችው የማስክ እጥረት አይደለም» አሉ አቶ ገዛኸኝ። «ማስክ አለን፤ አርባ ስምንት። ያለብን የአመለካከት እጥረት ነው። ቡድኑ በአንድ እየሠራ አንዱ ተነስቶ ለብቻዬ ሲል ምን ይባላል?»

ማንም ስላልመለሰ ራሳቸው ኪራይ ሰብሳቢነት እንደሚባል መለሱ። ከዚያ ለሊሴ ተነስታ ግለ ሂስ እንድታደርግ ጠየቋት። ሆዷን ደግፋ ቆመች።

«ሆዴ ውስጥ ያለውም የቡድኑ አባል ነው» አለች፤ «ብቻ እስካሁን አልፈረመም።»

ማሜ ሳቀ፤ ሳቁ በእሱ ላይ ተመዘገበበት። እኔም «ሲስተር ለሊሴ ግለ ሂስ አድርጋለች» ብዬ ጻፍኩ።

በጥር ወር አንድ ማስክ ለሦስት ባለሙያ ማብቃታችን ዞን ድረስ ተሰማና አሥራ ሁለት ሰዎች ተሞክሮ ሊወስዱ መጡ። ለፎቶ አሥራ ሁለት ማስክ በፊርማ ወጣላቸው። ፎቶውን ተነሱ፤ ከምሳ በፊትም አሥራ ሁለቱም ተቆጥረው ወደ ካርቶኑ ተመለሱ። ተረኛው ማሜ ነበር። ሳሉ ፎቶ አንሺውን ስላስቸገረው አንዱ እንግዳ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። አቶ ገዛኸኝ የአጨዳ አቧራ ነው አሉት።

አቧራው ማሜን በሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት ጣለው። ይህ ተራ ቁጥር 14ን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነበር። አቶ ገዛኸኝ ግን ግማሽ ቀን አስበው መፍትሔ አገኙ፤ ማሜ ትኩሳቱ ከጀመረበት ዋዜማ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ እንዲሞላለት አደረጉ። የዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው በሥራ ላይ አይደለም። በሥራ ላይ ያልሆነ ሰው ቢታመም በሥራ ላይ እያለ አልታመመም። በአራተኛው ቀን መቅዲም ወደቀች፤ እሷም ፈቃድ ወጣች። ዜሮው እንደ ቆመ ነው።

ከዚያ በኋላ ርክክቡ ቀለለ። ያለችው ለሊሴ ብቻ ስለሆነች ለሊሴ ለለሊሴ ታስረክባለች። መዝገቡ ላይ የዚያ ሳምንት ፊርማ ሁሉ የእሷ ነው፤ ያስረከበው ለሊሴ፣ የተረከበው ለሊሴ። የመጨረሻዎቹ ፊርማዎች ከመስመር ወጥተዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ጃርሶ ደግፎ አመጣት። መተንፈስ አቅቷታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ወደ ጎባ ሆስፒታል መሄድ አለባት። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሹፌሩም አለ። የሪፈር ወረቀቱ ግን «ሥራ» የሚል መስመር አለው። እሱ ላይ ነርስ ተብሎ ከመሞላቱ በፊት የዓመት ፈቃዷ መቅደም ነበረበት፤ አለዚያ ቀኖቹ ሳይገጥሙ የተራ ቁጥር 14 ዜሮ ይፈርሳል። ለፈቃዱ ደግሞ ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተሙ በአቶ ገዛኸኝ ኪስ ነው፤ አቶ ገዛኸኝ ተሞክሯችንን ሊያቀርቡ ሮቤ ስብሰባ ላይ ናቸው። በስልክ ሳገኛቸው መጣሁ አሉኝ። ቅጹን ሞልቼ ጠበቅኩ።

ጃርሶ እንግዳ መቀበያው አግዳሚ ላይ ራሷን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሦስት ጊዜ ወደ መስኮቴ መጣ። በሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኅቴ፣ እሷን ያጠራት አየር ነው። ማኅተሙ ለማን ነው?» አለኝ።

ሂዱ ማለት እችል ነበር። ቅጹን ቀድጄ ሹፌሩን ተነስ ብዬው ቢሆን ይነሳ ነበር። አላልኩም፤ የሥራ ሂደቱ ባለቤት እኔ አልነበርኩም። አቶ ገዛኸኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ፣ ማኅተሙን መቱ፣ አምቡላንሱም ወጣ። ጎባ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉላት። ረቡዕ ጠዋት ለሊሴ አረፈች፤ ልጇም አልተረፈም። አለቀስኩ። ያለቀስኩትን የምሞላበት መስመር ሪፖርቱ ላይ የለም።

ለቅሶ ቤት ሁላችንም ሄድን። ጋሽ በየነ ከሁላችን ቀድመው መጥተው ከሁላችን በኋላ ተነሱ፤ እንባቸውም የእውነት ነበር። ሲሰናበቱ ግን የጃርሶን እጅ እንደያዙ፣ ያቺ ነገር እቤት ቀርታ እንደሆነ በቀስታ ጠየቁት። ጃርሶ ገብቶ ከትራሷ ሥር አመጣላቸው። ጋሽ በየነ ቁጥሩን አዩ፣ ማሰሪያው ሁለት መሆኑን አረጋገጡ፣ ከኪሳቸውም የንብረት መቀበያ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ አውጥተው «በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ» ብለው ቆረጡለት። ሰኞ ማሜ ድኖ ሥራ ገባና 002ን ፈርሞ ተረከበ።

በሰኔ የቆጠራ ኮሚቴ ከሮቤ መጣ። አርባ ስምንቱ ማስክ በካርቶን፣ አንዱ በመሳቢያ፣ አንዱ በማሜ ፊት ላይ ተገኘ። ሃምሳ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እንዲህ ያለ አያያዝ በዞኑ አላየሁም ብሎ የጋሽ በየነን እጅ ጨበጠ። ከጎማው ጋርም ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የሠራተኛውን መዝገብ ጠየቀኝ።

«ማሜ አለ» ብዬ አነበብኩ። «መቅዲ አለች። ለሊሴ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት።»

«መቼ ትመለሳለች?»

አቶ ገዛኸኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ማሜ ከማስኩ በላይ አይን አይኔን ያየኛል።

«የመመለሻው ቀን አልተሞላም» አልኩ።

ሰብሳቢው ፈረመና መዝገቡን መለሰልኝ።

«ግድ የለም» አለ። «ስትመጣ ትሙላው።»