የእማማ ትርንጎ አሻንጉሊት

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ኩፓት ሆሊም፣ ማለት ክሊኒክ፣ ሄጄ ለሐኪም ቅጽ ስሞላ እንኳ "ሥራ" የሚለው ቦታ አንዲት ጠባብ መስመር ናት። ምን ብዬ ልሙላት? ተዋናይ ነኝ። አዘጋጅም ነኝ። መሲንቆ እጫወታለሁ። አሻንጉሊት ሠርቼ፣ ልብስ ሰፍቼላት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አናግራታለሁ። አንዴ ሁሉንም በደቃቅ ፊደል ጻፍኩት። ጸሐፊዋ አነበበችና ያዘነችልኝ መሰለኝ፤ "እና አሁን ሥራ እየፈለግህ ነው?" አለችኝ።

እናቴ ለጎረቤት "ከልጆች ጋር ነው የሚሠራ" ትላለች። አስተማሪ እንድመስል ነው። አባቴ አድ ሃሎም ካለ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉት "ደህና ነው፣ ተመስገን" ብሎ ስለ ጤናዬ ይመልሳል።

ይሄን ሁሉ ሙያ ምን አሸከመህ እንዳትሉኝ። መቼ መረጥኩት? ትወና ተምሬ ስወጣ የሚሰጡኝ ቦታ ሁለት ነበር፤ ዘበኛ ወይም ወታደር። ዘበኛ ስሆን በር እከፍታለሁ። ወታደር ስሆን እሞታለሁ። ስንቴ እንደሞትኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንድ ቀን አዘጋጁን "ይሄ ወታደር ሳይሞት በፊት አንድ ነገር ቢናገርስ?" አልኩት። "ጊዜ የለም" አለኝ። አሻንጉሊት መሥራት የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። መጋረጃ ጀርባ ያለውን እጅ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለማ! ጥንቸል ሆንኩ፣ ንጉሥ ሆንኩ፣ ፈረንጅ አያትም ሆኜ አውቃለሁ። መሲንቆውን ከአጎቴ የተማርኩት አሻንጉሊቶቹ ዘፈን ስለሚፈልጉ ነው። አዘጋጅ የሆንኩት ደግሞ ሌላ አዘጋጅ ስላልነበረ።

እንዲህ ሆኜ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ስዞር ኖርኩ። ባለፈው ክረምት ታዲያ ሮቫ ዛይን የሚባል ሰፈር ያለ የአረጋውያን መዓዶን ጠራኝ። መዓዶን ማለት ሽማግሌና አሮጊት ጠዋት ተሰብስቦ ሻይ የሚጠጣበት፣ ደም ግፊት የሚለካበት፣ ስለ ጉልበቱ የሚያወራበት ክበብ ነው። ኃላፊዋ ኦርሊ ትባላለች። ደግ ሴት ናት፤ አማርኛ ግን አታውቅም። "ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን የመጡበትን ቀን ራሳቸው ይሥሩት፤ አንተ አዘጋጅላቸው። ግን ደስ የሚል ይሁን" አለችኝ።

አሥራ ሁለት ሰው ተመዘገበ። አባ ይርጋ አብራሪ ካልሆንኩ አሉ። አውሮፕላኑን እንደ በቅሎ "ሂድ! ሂድ አንተ!" እያሉ ነበር የሚነዱት። እማማ አበበች ደግሞ ሁሉንም ሰው መሆን ፈለጉ። ሌላው ቃሉን ሳይጨርስ ከአፉ ይቀሙታል። ልጅ አዝላ የምትሳፈረዋን እናት ሰጠኋቸውና ትንሽ ተረጋጉ።

አሥራ ሁለተኛዋ እማማ ትርንጎ ነበሩ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሊሄድ የተነሣ ሰው ይመስላሉ፤ ግን አይሄዱም። "እማማ፣ አንቱ ምን ይሁኑ?" ስላቸው "እኔ እመለከታለሁ" ይሉኛል። ተውኳቸው።

በጽሑፌ ውስጥ አንዲት ሕፃን ነበረች። ሰዉ አዲስ አበባ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ጥያቄ እየጠየቀች የምታስቅ። ስፖንጅ ቀረጽኩ፣ ቡናማ ጨርቅ አለበስኩት፣ በጥቁር ክር ሹሩባ ሠራሁላት። ይዣት የሄድኩ ቀን እጄን ከውስጧ ከትቼ "እንደምን አደራችሁ፣ እናንተ ሽማግሎች!" አስባልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እማማ ትርንጎ ተነሡ። ቀስ ብለው መጥተው ፊቷን አዩት።

"ማን ትባላለች?"

"ገና ስም አላወጣሁላትም፣ እማማ።"

"አንጓች ናት" አሉ።

ከእጄ ላይ እንደ ጓንት አወለቋት። ነጠላቸውን ዘርግተው አዘሏት፣ አንዴ ወደ ላይ ገፋ አድርገው አስተካከሏት፣ ቋጠሩ። ከዚያ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። እሰይ፣ በመጨረሻ ቲያትሩ ገባቸው አልኩ። የኔን ሞኝነት ተመልከቱልኝ።

ሳምንት ሙሉ አልመጡም። አሻንጉሊቷም አልመጣችም። አድራሻቸውን ጠይቄ ሮቫ ቴት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው ጊዶን ነው። እዚህ አገር የተወለደ፣ ትልቅ ሰው። ገና የሥራ ጫማውን አላወለቀም።

"አሻንጉሊቷን ፈልገህ ነው? ግባና እያት" አለኝ።

ገባሁ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ቀርቧል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ትራስ ተደርቦ አሻንጉሊቷ ተቀምጣለች።

"እናቴ ደህና ሰው ነበረች" አለ ጊዶን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መዓዶን ሄዳ ሻይዋን ጠጥታ የምትመለስ ሰው። ምን አደረግሃት?"

ቲያትር ነው አልኩት። ሳስበው ያሳፍረኛል።

እማማ ትርንጎ ከማድ ቤት ወጡና "ተወው ጊዶን፣ እንግዳ ነው" አሉ። ወደኔ ዞረው "ልጄ፣ ቲያትሩ መቼ ነው?" አሉኝ።

"ሐሙስ።"

"እመጣለሁ። ይቺን አዝዬ የምሳፈረው ግን እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።"

እማማ አበበች ይሄን ሲሰሙ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። የእናትየዋን ቃል አንድ ሳይቀር ይዘውት ነበራ።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከፊት የክብር እንግዶች፣ ከኋላ ዘመድ አዝማድ። ጊዶንም ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አውሮፕላኑ ሁለት ረድፍ ወንበር ነው። በጽሑፉ መሠረት እናት ልጇን አዝላ ትሳፈራለች፤ ልጅቷ በመስኮት ታይና "እማዬ፣ ደመና ይበላል?" ትላለች፤ ሰው ይስቃል፤ እኔ መሲንቆ እመታለሁ፤ አለቀ።

እማማ ትርንጎ አሻንጉሊቷን አዝለው መጡ። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ነጠላቸውን ፈቱ። አሻንጉሊቷን አወረዷት፣ መድረኩ ላይ አጋደሟት፣ በነጠላው ሸፈኗት። ፊቷንም ጭምር።

"ይቺ አልመጣችም" አሉ።

የተጻፈ ነገር የሚያነቡ ነበር የሚመስሉት።

"ኩፍኝ ነው። አውሮፕላኑ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው። ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ እዚያ ስንደርስ ስሟን እንዳታነሺ ብሎ አስማለኝ። ጊዶንም ሲወለድ አልነገርነው። አሁን አባቷም ሞተ፤ ስለዚህ ተናገርኩ።"

ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"በል አባ ይርጋ፣ ንዳው" አሉ።

አባ ይርጋ አፋቸውን ከፈቱ። "ሂድ" ማለት አቃታቸው። እኔም የመሲንቆውን ደጋን እንደያዝኩ ቀረሁ። አማርኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ያለቀሰ ሰው አልነበረም። እማማ ትርንጎም አላለቀሱም። ኦርሊ ጎኔን ነካ አድርጋ "ምን አለች? ምን አለች?" ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልተርጉምላት? ዝምታው ሲረዝም አማርኛ የማይሰሙት የክብር እንግዶች ቲያትሩ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንዱማ ተነሥቶ ቆሞ "መርገሽ! መርገሽ!" አለ። ልብ ይነካል ማለቱ ነው።

ሰው ሲበተን ዕቃዬን ስሰበስብ አሻንጉሊቷ የለችም። ዞር ስል ጊዶን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዟታል። አያያዙን አላወቀበትም፤ አንዴ በክንዷ፣ አንዴ በወገቧ።

"እንዲህ ነበር የምትመስለው?" አለኝ።

"እኔ ከጭንቅላቴ ነው የሠራኋት፣ ጊዶን። እናትህን ጠይቃቸው።"

"እንዴት ብዬ ልጠይቃት?" አለ። አሻንጉሊቷን ጃኬቱ ውስጥ አድርጎ ሄደ።

ወር ሳይሞላ ኦርሊ ደወለች። ሌሎች ከተሞች ያሉ መዓዶኖች ሰምተው ትርኢቱን ይፈልጉታል። "ልጅቷን መሬት የምታስቀምጥበት ቦታ እንዳለ ይሁን" አለችኝ። እማማ ትርንጎ ጋ ሄድኩ። ቲያትር ሸክም ያቀላል እየተባለ ተምረን የለ? እኔም የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ በጻፍኩ ቁጥር ይቺን አባባል አስገባለሁ። እናም ጠየቅኋቸው፤ "ቀለለዎት፣ እማማ?"

"ቀለለኝ" አሉ። "ጀርባዬን በረደኝ።"

ስለ ሌሎቹ ከተሞች ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሰው አንዲት ልጅ ስንት ጊዜ ይቀብራል?"

እዚህ ላይ ትርኢቱን አቆምኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ግን በዕድሜዬ ሙሉ የሠራሁትን ነገር ድገመው ያለኝ ሰው አልነበረም። ሌላ አሻንጉሊት ሠራሁ። ቦታውን ለእማማ አበበች ሰጠኋቸው። ስድስት ልጆች አሏቸው፣ ስድስቱም ይመስገነው በሕይወት አሉ፤ አንድ ለቅሶ በልጅ አያውቁም። መድረክ ላይ ግን ልጅቷን ሲያወርዱ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ይወድቃሉ፣ ያልጻፍኩትን ሙሾ ያወርዳሉ። አማርኛ የማያውቀው ሳይቀር ይንሰቀሰቃል። መሀረብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አባ ይርጋ ያለቅሳሉ። እኔም አለቅሳለሁ፤ የመሲንቆው ጭራ እስኪረጥብ።

ከመድረክ እንደወረዱ እማማ አበበች ፊታቸውን እየጠረጉ ወደኔ ይመጣሉ። በየከተማው አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ።

"እውነቱን ንገረኝ፣ ከትርንጎ አልበለጥኩም?"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በልጠዋል።