እንከን ያለው፣ ግን የሚያዝናና

የሰውን ልጅ ወደፊት ያራመዱ ታላላቅ ሐሳቦች የተወለዱበት ስፍራ በወጉ ቢታወቅ ኖሮ፣ ትውልድ ሄዶ ደጃፉን በሳመው፣ ቢያንስ ቢያንስ አንድ ችግኝ በተከለበት ነበር። መቱ ግን በልጆቿ መኩራራት የማትወድ ትሑት ከተማ ናት። ስለዚህም የባለጉዳይን ኑሮ ከሥሩ የለወጠው ያ ታላቅ የአገልግሎት መርሕ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከሀምዱ ጌም ቤት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። መርሑን ሳያውቅ የወለደው ሰው ፈንታሁን ይባላል።

ፈንታሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበር። ዋናው ሥራው ለኃላፊው ለአቶ ዲበኩሉ ንግግር መጻፍ ሲሆን፣ ቃሉ ያማረ፣ ፍሬ ነገሩ ማንንም የማይነካ ንግግር በማዘጋጀት የሚስተካከለው አልነበረም። አቶ ዲበኩሉም በበኩላቸው ያነበቡትን ንግግር ወዲያውኑ የራሳቸው ሐሳብ አድርገው የማመን ልዩ ጸጋ ነበራቸው። በዚህ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

ከሥራ ሲወጣ ፈንታሁን ሌላ ሰው ነው። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ይከትና ሀምዱ ቤት ይገባል። ሀምዱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ሱቁን እየነገደ፣ ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ያረጁ ፕሌይስቴሽኖች ያጫውታል። በአንደኛው ጎረምሶች ኳስ ይጫወቱበታል። ሁለተኛው የፈንታሁን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ውስጡ "ቆራጩ" አለ።

"ቆራጩ" የጌሙ እውነተኛ ስም አይደለም። ሲዲው ላይ የነበረው ጽሑፍ በእጅ ብዛት ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ባለጎራዴ ጠላቱን እየቆራረጠ የሚያልፍበት የድሮ ጌም ስለሆነ መቱዎች ያወጡለት ስም ነው። ጀግናው ከገደል ዘሎ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ሰምጦ ይሞታል። ጠላቶቹ እየፎከሩ ይመጡና ግድግዳ ላይ ተለጥፈው እዚያው ይሮጣሉ። ጀግናው ተከቦ ሲደበደብ ስክሪኑ እሱን ትቶ ከጎኑ ያለውን ዛፍ ያሳያል። የሰዎቹ ድምፅ የሚመጣው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው። የመጨረሻው ግዙፍ ጠላት፣ ባለ ብረት ዱላው፣ ሁለት ምሰሶ መሀል ይቀረቀርና ተጫዋቹ ከኋላ ሆኖ እንደ ማገዶ ይፈልጠዋል፤ እዚያ የደረሰ ካለ ነው እንግዲህ። ምክንያቱም ድልድዩ ላይ ምስሉ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ሲዲው ወጥቶ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረግና ጨዋታው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ የደረሱበትን የሚይዘው ሚሞሪ ካርድ ድሮ ተበላሽቷል።

ፈንታሁን ይህን ጌም እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር።

አንድ ቀን ሀምዱ ፊቱ በርቶ ተቀበለው። "ጋሼ ፈንታሁን፣ ዛሬ አዲስ ነገር አመጣሁልዎት! ከዘመድ የተዋስኩት መሣሪያ ነው። ቅጠሉ አንድ በአንድ ሲወዛወዝ ይታያል።"

ፈንታሁን ለዘመድ ክብር ሲል ጥቂት ተጫወተ። ጀግናው አይሰምጥም። ጠላቶቹ ግድግዳና ሰው ይለያሉ። ወዴት መሄድ እንዳለበት ቀስት ይመራዋል፤ ቢሞትም ከሞተበት ይነሣል።

"እንዴት ነው?" አለ ሀምዱ።

"እንከን የለውም።"

"አልነገርኩዎትም!"

"ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አለ ፈንታሁን ጆይስቲኩን እያስቀመጠ። "ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው። ቅጠል ለማየትማ ያዮ ጫካ አለልኝ። ስማኝ ሀምዱ፣ ጌም ማለት እየተናደድክ የምትስቅበት ነው። ቆራጩ ቀጥ ሲል ይሄ ቤት እንዴት እንደሚሆን አላየህም? አንዱ ሲዲውን ጥረገው ይላል፤ ሌላው በግራ እለፍ፣ ውሃውን እንዳትነካ ይላል። በዚህኛው ማን ማንን ያናግራል? እኔና ቀስቱ?"

"ትናንት እኮ በንዴት ጆይስቲኬን ወርውረውታል።"

"ከፍቅር ነው" አለ ፈንታሁን። ሀምዱም አዲሱን መሣሪያ ለዘመዱ መለሰ።

በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ በባለጉዳይ ምሬት ክፉኛ ተወቅሶ ነበር። አቶ ዲበኩሉ ለወቀሳው ፈጣን ምላሽ ሰጡ፤ ይኸውም "ጌምና የትውልድ ስብዕና" የተሰኘ የፓናል ውይይት ማዘጋጀት ነው። ፈንታሁን ጌም ትውልድን እንዴት እንደሚያጠፋ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጽሑፉን አሳምሮ ጻፈ። መድረክ ላይ ወጥቶ መነጽሩን ሲያስተካክል ግን ከበሩ አጠገብ ሀምዱን አየው። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፈንታሁን ወረቀቱን አጠፈና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያምንበትን ነገር በማይክሮፎን ተናገረ።

"ክቡራንና ክቡራት! እኔ የምወደው ጌም ብልሽቱ ብዙ ነው። ቀጥ ይላል፤ ከመጀመሪያው ያስጀምራል፤ የምትፈልገውን ትቶ የማትፈልገውን ያሳያል። ነገር ግን ጉድለቱን ካነሣህለት ጣዕሙን ገደልከው። እንከን አለው፤ ግን ያዝናናል!"

በአዳራሹ የነበሩት ጎረምሶች አጨበጨቡ። ሀምዱ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። አቶ ዲበኩሉ ከፊት ወንበር ሆነው በፍጥነት ይጽፉ ነበር። ፈንታሁን ያን ሲያይ ከሥራ መባረሩን አልተጠራጠረም።

በማግሥቱ አስጠሩት። ተነሥተው ጨበጡት።

"ያቀረብከው ጥናት ዓይኔን ገለጠው" አሉት።

"ጥናት እንኳ... ስለ ጌም ነበር እኮ፣ ጌታዬ።"

"ትሕትናህን ተወው። እኛ ስንት ዘመን ጉድለታችንን ስናርም ኖርን! ስንታረም የተደሰተ ባለጉዳይ አይተሃል? የለም። ችግሩ አገልግሎታችን እንከን ያለው መሆኑ አልነበረም። እንከኑን አላስተዋወቅነውም።"

ሳምንት ሳይሞላ መግቢያው ላይ "እንከን ያለው፣ ግን የሚያዝናና አገልግሎት" የሚል ባነር ተሰቀለ። መስኮቶቹ "ደረጃ" ተባሉ። ባለጉዳይ "ተሳታፊ" ሆነ። አራተኛው ደረጃ ላይ ሲስተም ከጠፋ ተሳታፊው የደረሰበት አይያዝለትም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። መውጫው ላይ ደግሞ "ምን ያህል ተዝናኑ?" የሚል መጠይቅ ይሰጣል። መልሱን በነፃነት መምረጥ ይቻላል፤ "በጣም" ወይም "እጅግ በጣም"።

የፈንታሁን ደስታ ወሰን አጣ። በአገሩ ሐሳቡ ሥራ ላይ የዋለለት ሰው እሱ ብቻ መሰለው። አንድ ቀን በኮሪደሩ ሲያልፍ ግን ደረጃ አንድ ላይ ያለችው ተጂቱ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስትነጋገር ሰማ። ኦቦ ጭምዴሳ ይባላሉ፤ የቡና ንግድ ፈቃድ ፈልገው ከዳሪሙ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

"ልጄ፣ እዚህ እኮ ጨርሻለሁ። እዚያ ማዶ ደርሼ ሲስተም የለም፣ ሲስተምኒ ሂን ጂሩ አሉኝ።"

"አውቃለሁ ኦቦ ጭምዴሳ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው።"

"ለምን?"

ተጂቱ አፈረች። "ያዝናናል ተብሎ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ባነሩ ቀና አሉ፤ ከዚያ ወደ እሷ። "ማንን?"

ፈንታሁን እርምጃውን አፈጠነ። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋና የዕለቱን መጠይቅ ውጤት ተመለከተ። ሕዝቡ በሙሉ ተዝናንቷል። ቁጥር አይዋሽም ብሎ ተጽናና።

ታላቅ ሐሳብ ዳር ድንበር የለውምና ወደ ሀምዱም ደረሰ። የጌም ቤቱ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ መጣ። ሀምዱ ደረጃ አንድን አለፈ፣ ሁለትን አለፈ፣ ከአራተኛው ተመለሰ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተመለሰ። ሲወጣ ሲወርድ ቀኑ አለፈና ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ቤት ተብሎ በሩ ታሸገ። አሻጊዎቹ ሥራቸውን ያለ አንዳች እንከን ፈጸሙ። መርሑ እነሱ ጋ ገና አልደረሰም ነበር።

ፈንታሁን ወደ አቶ ዲበኩሉ ሮጠ። "ጌታዬ፣ የሀምዱ ቤት እኮ ታሸገ! ጌሙ ያለው እዚያ ነው። ሁሉም ነገር የተጀመረው እዚያ ነው!"

"ጉዳዩ በደረጃው እየሄደ ነው" አሉ አቶ ዲበኩሉ በርኅራኄ። "ልጁን ልርዳው ብዬ አንዱን ደረጃ ባዘልለው፣ አንተ ራስህ ምን ነበር ያልከው? ጉድለቱን ካነሣህለት ጣዕሙን ገደልከው። እኔ የሰው ጣዕም አልገድልም።"

ፈንታሁን የራሱን ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ ሲሰማው ልብ የሚነካ ሆኖ አገኘው፤ ያስጨነቀውም ይኸው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ዝና ከዞኑ ወጣ። ከሌሎች ከተሞች የተውጣጣ የልዑካን ቡድን ለልምድ ልውውጥ መቱ ገባ። ባነሩን አዩ፣ መጠይቁን አዩ፤ ከዚያ የቡድኑ መሪ "የሐሳቡን ምንጭ ሳናይማ አንሄድም" አሉ። አቶ ዲበኩሉ በኩራት መርተው ወሰዷቸው። ዝናብ ይወርድ ነበር። ሀምዱ ከታሸገው በር ፊት፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር ቆሟል።

"ክፈት ሀምዱ፣ እንግዶች ናቸው" አሉ አቶ ዲበኩሉ።

"በምን ፈቃድ፣ ጌታዬ?"

"እኔ ፈቅጃለሁ!"

"እርስዎማ ይፈቅዳሉ። ደረጃ አንድን ጨርሰዋል?"

እንግዶቹ ሳቁ። አቶ ዲበኩሉም የሳቁ መስለው፣ ማሸጊያውን የሚያስነሣውን ወረቀት ሊያስወጡ በባጃጅ ወደ ገዛ መሥሪያ ቤታቸው ተመለሱ፤ ፈንታሁን ተከተላቸው። ተጂቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

"አቶ ዲበኩሉ፣ ሰልፍ አለ።"

"እኔ እኮ ኃላፊው ነኝ!"

"አዎ። መመሪያውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ማንም ሰው ደረጃ አይዘልም ይላል።"

ከኦቦ ጭምዴሳ ኋላ ተሰለፉ። ሽማግሌው በትሕትና ቦታ አስተካከሉላቸውና "አይዞዎት፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ ጥሩ ነው" አሏቸው። እውነትም እስከ ሦስተኛው ጥሩ ነበር። አራተኛው ላይ ሲስተም የለም ተባሉ። በንዴት መስኮቱን ሲደበድቡ በመስኮቱ የሚሠራው ልጅ አንገቱን አውጥቶ "ቦር ኮቱ" አላቸው፤ ነገ ይምጡ ማለቱ ነው። ፈንታሁን የኃላፊውን ፊት አየ። ጉልበት በማይሞላ ውሃ የሰመጠ ጀግና መሰለው፤ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ዞረ።

እንግዶቹ ዝናብ ውስጥ እስኪመሽ ጠበቁ። አቶ ዲበኩሉ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ የቡድኑ መሪ ውሃ የሚያንጠባጥብ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧቸው።

"በቃላት ያስረዱናል ብለን ነበር የመጣነው" አሉ። "እርስዎ ግን በተግባር አሳዩን! እኛን ደጅ አስጠንቶ፣ ራስን አሰልፎ! እንዲህ ያለ የልምድ ልውውጥ አይተን አናውቅም።"

አቶ ዲበኩሉ ለአፍታ ደነገጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። "ሆን ብለን ያዘጋጀነው ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና። አቶ ዲበኩሉ ተሸለሙ፤ ፈንታሁን መርሑን በየከተማው የሚያስተምር አሠልጣኝ ሆነ። ሀምዱ ማሸጊያው ሲነሣለት ሁለቱንም መሣሪያዎች ለአንድ የጋምቤላ ሰው ሸጠና በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላና ብስኩት ይነግድ ጀመር። ገበያው ከጌሙ ይበልጥ ደራለት። ፈንታሁን ይህን የሰማው ከሥልጠና ሲመለስ ነው።

"ቆራጩስ?" አለው።

"አብሮ ሄደ፣ ጋሼ።"

ፈንታሁን እርም እንደሚያወጣ ሰው ክራቫቱን ፈታ። ሀምዱ አዘነለትና አንድ ብስኩት ሰጠው።

ሥልጠናው ጎሬ ሲደርስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አቶ ዲበኩሉ በክብር እንግድነት ከፊት ተቀምጠዋል። ፈንታሁን ስላይዱን ጨርሶ "ጥያቄ ካለ" ሲል፣ ነፃነት የምትባል ወጣት ሠራተኛ እጇን አወጣች።

"እስካሁን ስለ ጉድለቱ ነው የነገሩን። ያን ያህል ከተበላሸ፣ ጌሙ ምኑ ነው የሚያዝናናው?"

ፈንታሁን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ግን ሀምዱ ቤት፣ ያ ጩኸት፣ ሲዲው በሸሚዝ ሲጠረግ ትዝ አለውና አንደበቱ ከወረቀቱ ቀደመ።

"ሲያስመርርህ አጥፍተኸው ወደ ቤትህ ትሄዳለሃ" አለ።

አቶ ዲበኩሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ብዕሩን አንሥቶ ጭብጨባው እስኪበርድ በትዕግሥት ከጠበቀ በኋላ ጠየቀ፦

"ይቅርታ፣ ይሄኛው እንደ ጠንካራ ጎን ይያዝ ወይስ እንደ ክፍተት?"