መንግሥታት ስብሰባ ላይ ሳሉ

የታሪክ መምህር ሆኖ የኖረ ሰው የማያመልጠው አንድ ጥያቄ አለ። «ሮምን ማን ጣላት?» ይሉታል። ተማሪ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ሰይፍ የመዘዘ፣ ስሙ ለፈተና የሚመች ሰው። እኔም ለብዙ ዓመታት መጽሐፉ እንደሚለው አስተምሬአለሁ። አክሱም የባሕር ንግዷ ሲዘጋባት ደከመች። ሜሮዌ፣ ያቺ ከድንበሩ ማዶ አባይ ዳር የነበረችው፣ ብረት ስታቀልጥ ደኗን ጨርሳ ተራቆተች ይባላል። (ይህን ክፍል ሳስተምር በመስኮት ወደ ውጭ ላለማየት እጠነቀቅ ነበር፤ ለሰሊጥ ተብሎ የተመነጠረው መሬት እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ተዘርግቶ ይታያላ!) ሮም ደግሞ ንጉሠ ነገሥት በላይ በላዩ ስትለዋውጥ፣ ያንን ሁሉ ያማረ መንገዷን የሚጠግን ጠፋ። ሁሉም ልክ ነው፤ ተማሪም ይህን ጽፎ ያልፋል። መንግሥት እንዴት እንደሚደክም ለእኔ የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ የነሐሴ ቀን፣ ቆላ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የገባኝ።

ቦታው ከመተማ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ እዚያ የማውቃቸው ሰዎች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፣ ከእኔም ጋር ሰላምታ አለን። በኮኪት በኩል ለሚመጣ መንገደኛ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ናት። ጭቃ ስላችሁ ደግሞ የደጋውን ጭቃ እንዳታስቡ። ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ አንዴ እግር ከያዘ ጫማ አስቀርቶ ነው የሚለቀው። በከተማዋና በእርሻዎቹ መካከል አንድ ሖር አለ። ሖር የሚባለው በበጋ አሸዋ ብቻ የሚሆን፣ በክረምት ግን ድንገት ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ ነው። ቃሉ ከሱዳን የመጣ ነው፤ ጎርፉ ግን የራሳችን ነው። ድልድዩስ አትሉኝም? «በዕቅድ ተይዟል»። እኔ ወደዚያ ሳልመደብም በዕቅድ ተይዞ ነበር፤ ለቅቄ ስወጣም በዕቅድ እንደተያዘ ትቼው ወጣሁ።

ለየወረዳው አምቡላንስ መታደል የጀመረበት ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እኛን መምህራንን ጨምሮ የመንግሥት ሠራተኛው በሙሉ ለሥልጠና አዳራሽ ገባን። የሥልጠናው ርዕስ «ቀልጣፋ አገልግሎትና መልካም አስተዳደር» ይላል። ዋናው አስተዳዳሪ ጎንደር ለሌላ ስብሰባ ስለሄዱ መድረኩን የያዘው ተወካያቸው አቶ ምናለ ነበር። አቶ ምናለ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ደህና አደርክ ሲሉት እንኳ ከመመለሱ በፊት ግራና ቀኙን የሚያይ ሰው ነው። ከሥልጠናው በፊት ጠራኝና «መምህር፣ ጥንታዊ መንግሥታት ለምን እንደወደቁ አጠር አድርገህ አቅርብልን። ለማነቃቂያ ያህል ነው» አለኝ። ልብ በሉ፤ የመንግሥታት ውድቀት ለማነቃቂያ!

ቆምኩና ጀመርኩ። ከኋላ ያሉት በደብተር እያራገቡ ነው፤ ከፊት ያሉት ኃላፊዎች ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኛል። ሮም ላይ ደርሼ «እንግዲህ ትልቁ ችግር፣ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ሩቅ ነበር» ከማለቴ የአዳራሹ በር ተበርግዶ አከራዬ እትዬ ዘውዴ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። እኒህ ሴት ለወትሮው ነጠላቸው ሳይስተካከል ከደጃፋቸው የማይወጡ ናቸው።

«ልጄ ማዶ ቀረችብኝ!» አሉ። «ጥሩነሽ ማዶ ቀረችብኝ፣ ድረሱልኝ!»

ጥሩነሽ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ከሖሩ ማዶ ባለ የሰሊጥ እርሻ የሚሠራ መካኒክ አግብታ እዚያው ካምፕ ትኖራለች። እርጉዝ ነበረች፤ ለመውለጃዋ ከተማ እናቷ ቤት ልትመጣ አስባ ምጡ ቀደማት። ጠዋት ውሃው ሳይሞላ አምቡላንሱ አዋላጇን ሲስተር ውባለምን ይዞ ተሻገረ፤ ወላዷንም ጫነ። ሲመለስ ከሖሩ አፋፍ ላይ ዋልካው ጎማውን ያዘው። እሱን ሲገፉ ላይኛው አገር ዝናብ ጥሎ ኖሮ ወንዙ ሞላ። ወሬውን ያመጣው በላይ በኩል በገመድ የተሻገረ አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። «ደም እየፈሰሳት ነው ብላለች ሲስተር» ብሎ ነገራቸው።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ከንፈሩን መጠጠ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ካለንበት አዳራሽ ጀርባ፣ በግቢው ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ሥር፣ አንድ ቀይ ትራክተር ከነተሳቢው ቆሟል። ለገበሬ ሠርቶ ማሳያ ተብሎ የመጣ ነው፤ ላስቲኩ ከወንበሩ ላይ ገና አልተነሳም። ያንን ሖር ሞልቶ እያለ ሊሻገር የሚችል ከተማዋ ውስጥ ከእሱ በቀር ሌላ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። የካምፑ ትራክተር እንደሆነ መለዋወጫ ሲጠብቅ ተፈታትቶ ተኝቷል። ስለዚህ እኔ የዋሁ ሰዎቹ ሁሉ ተነስተው ወደ ራኩባው የሚሮጡ መስሎኝ ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርኩ።

ማንም አልተነሳም። ውይይት ተጀመረ።

የጤናው ኃላፊ አምቡላንሱ የእሱ መሆኑን አመነ፤ መንገዱ ግን የእሱ እንዳልሆነ በጥብቅ አሳሰበ። የመንገዱ ኃላፊ ሖር መንገድ አይደለም፣ ውሃ ነው አለ። የውሃው ኃላፊ የእሱ ሥራ የመጠጥ ውሃ መሆኑን አስረዳ። የግብርናው ኃላፊ ትራክተሩ ለሠርቶ ማሳያ እንጂ ለመጓጓዣ እንዳልመጣ፣ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ እንዲታወቅለት ጠየቀ። ከመሃል አንዱ ተነሳና፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ «ለመሆኑ ያ ካምፕ በእኛ ወረዳ ነው ወይስ በጎረቤት?» አለ። ካርታ ይምጣ ተባለ። ሌላው «ችግሩን በአካል የሚያጣራ ኮሚቴ እናዋቅር» ሲል የተወሰኑት ደገፉት። በዚህ መሃል የታሸገ ውሃ የሚያድሉት ልጆች ገብተው በየወንበሩ ማደል ጀመሩ።

ዓይኖች ሁሉ አቶ ምናለ ላይ ሆኑ። ስልኩን እያነሳ ይጥላል። ዋናውን አስተዳዳሪ ሊያገኝ ነው። በዚያ አገር ዝናብ ሲጥል ኔትወርክም አብሮ እንደሚሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«እኔ ውክልና የተሰጠኝ ስብሰባውን እንድመራ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየሳሳ። «ለትራክተር አልተወከልኩም።»

እኔ በቁሜ ነደድኩ። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዘውዴ ቀደሙኝ። አልጮሁም። መሃል ለመሃል አልፈው መድረኩ ላይ ወጡና፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባዶ የነበረው የዋናው አስተዳዳሪ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ጭቃው ከእግራቸው ወደ ምንጣፉ ይንጠባጠባል።

«እማማ፣ እሱ ላይ እንኳ…» ሊል ጀመረ አንዱ።

«ልጆቼ» አሉ እሳቸው፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ ውስጥ ሳይወለድ የመጣ አለ? ካለ እሱ ይከልክለኝ፤ ሌላችሁ ግን አትከልክሉኝ።»

  አቶ ምናለ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና ቁልፍ አወጣ። የትራክተሩ ቁልፍ ለካ እዚያው እሱ ጋ ኖሯል! አስተዳዳሪው ሲሄዱ አስረክበውታል፤ ካርታ ይምጣ፣ ኮሚቴ ይዋቀር ስንባባል ኪሱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። «ኡስማን የት ነው?» አለ። ኡስማን የትራክተሩ ኦፕሬተር ነው፤ ድንበሩ ላይ ያደገ፣ ግማሽ ቃሉ ዐረብኛ የሆነ ሰው። ቁልፉን ተቀበለና «ተማም!» ብሎ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ በረረ። ኃላፊዎቹ ግን ወደ አቶ ምናለ ያዩበትን አስተያየት ብታዩ፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሚታይበት ዓይነት ነው።

እኔና አቶ ምናለ ተሳቢው ላይ ወጣን። እትዬ ዘውዴን እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም እምቢ ብለው ተከተሉን። ሖሩ ጋ ስንደርስ ውሃው የቡና ገለባ መስሎ፣ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። ኡስማን ትንሽ አየውና ገባበት። ውሃው ትልልቁን ጎማ አጋምሶ እግራችን ሥር ገባ። ተሳቢው ወደ ጎን ሲሸራተት አቶ ምናለ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ጠንቃቃው ሰው ዋና እንደማይችል ያን ጊዜ ነገረኝ። እኔም አልችልም ነበር፤ ግን አልነገርኩትም።

ማዶ ስንወጣ ሲስተር ውባለም ከአምቡላንሱ ዘላ ወረደች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ደም ነው።

«የት ነበራችሁ?» አለች።

«ስብሰባ ላይ» አልኩ።

የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም።

አምቡላንሱን ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። ጥሩነሽን ከነፍራሹ ተሳቢው ላይ አወጣናት፤ ባሏና አቶ ምናለ ሸራ ከላይ ወጥረው ያዙላት፣ እናቷ ጭንቅላቷን ታቀፉ። ፊቷ አመድ መስሏል። መሃል ውሃ ላይ «እማ፣ ደረስን?» ስትል ሰማኋት። እትዬ ዘውዴ «ደረስን እኮ፣ ይኸው ደጁ» ይሏታል። ከፊታችን ውሃ ብቻ ነበር። እኔ ያን ያህል ረጅም ወንዝ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያ ገባን። ልጅቱ ተወለደች፤ ሴት ናት፤ ስታለቅስ ከግቢው ውጭ ይሰማ ነበር። የእናቲቱ ደም ግን ለመቆም ብዙ አስጨነቀ። ሲስተር ውባለም በመጨረሻ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብላ ጀምራ ተወችው። አቶ ምናለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲነቃነቅ አይቼ እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ታሪክ የሚያልቀው ግምገማ ላይ ነው።

አስተዳዳሪው ከጎንደር ሲመለሱ ያው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። አቶ ምናለ ከተሰጠው ሥልጣን ውጭ የመንግሥት ንብረት ለአደጋ በማጋለጡ ተተቸ። ደግሞ የተቹት እነዚያው ናቸው፤ እኔ ስናገር ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት። አንዱማ «እሺ እናቲቱ ተርፋለች፤ ትራክተሩ ቢወሰድስ ኖሮ?» ብሎ በቁጭት ጠየቀ። እጄን አውጥቼ የተሰማኝን ተናገርኩ፤ አስተያየቴ በአክብሮት ተመዘገበልኝ። የእኔ ጽሑፍም አልቀረለትም፤ «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከነባራዊ ሁኔታችን ጋር አልተገናዘበም» ተባለ። ከዚያም ለዘለቄታው መፍትሔ ተቀመጠ። መፍትሔው ምን ይመስላችኋል? ከሖር ማዶ የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች የምጣቸውን ቀን አስቀድመው እንዲያሳውቁ!

አቶ ምናለ ከወንበሩ ተነስቶ ከሖሩ ማዶ ላለው ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተመደበ። ቅጣት መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ክረምት ከገባ ደብዳቤም ደመወዝም የማይደርስበት፣ ሰው የሚረሳበት ቦታ ነው። እቃውን ተሸክሞ ሲሄድ የሸኘነው ጥቂት ነን። እኔ ለእሱ ተቆጨሁ፤ ለራሳችን ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። አንድ ቁልፍ ከኪስ ማውጣት ይህን ያህል የሚያስከፍል ከሆነ፣ አንድ የሮም ሹም መንገዱ ሲፈርስ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ምን ይገርማል? ልጆች አሉት፤ ጡረታውን ይጠብቃል።

በሌላው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ልጠይቀው ተሻገርኩ። ቢሮው ራኩባ ነው። ጀላቢያ ለብሶ፣ ፀሐይ አክስሎት፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር እየሳቀ አገኘሁት። ግራና ቀኝ ማየቱን ትቷል። እጄን ይዞ ወደ ሖሩ ወሰደኝና ከጠባቡ ቦታ ላይ ያሠራውን አሳየኝ። በወፋፍራም ግንድ የተጋደመ፣ በብረት ገመድ የታሰረ፣ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ድልድይ ነው። ግንዱን የእርሻ ባለቤቶች በትራክተር አስጎተቱለት፤ ጉልበቱን የመንደሩ ሰው ሰጠ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ በላዩ ተሻግራ አለፈችና «ደህና ዋላችሁ» አለችን።

«ምናለ» አልኩት፣ ወደ ከተማው በኩል ዞር ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ቢከለክሉህስ?»

ሳቀብኝ። «መምህር፣ ይሄን መንገድ አይተኸው መጥተህ የለ? ክልከላው እዚህ እስኪደርስ ድልድዩ ያረጃል።»