ሚሞሪ አይጨመርም፣ ይተዳደራል

በየከተማው አንድ ጠጋኝ አለ። የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁለት ስትሄዱ፣ ዕቃው ደህና በነበረበት ጊዜ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሥር መሠረቱ ካላስረዳ ካቻቢቴ የማያነሳ። ሌላው ጠጋኝ ዋጋውን ነግሯችሁ ወደ ሥራው ይገባል። ይኼኛው ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል። ወንበሩን ሲስብ ካያችሁ የዕለቱ ጉዳያችሁ አብቅቷል።

የእኛ የውጫሌው ክቡር አቶ ሙስዓብ ናቸው። ሱቃቸው ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ሲሆን በሩ ላይ «የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና» የሚል ተጽፏል። «ማብራሪያ» ብለው ቢተዉት ለእውነቱ ይቀርብ ነበር። ዕድሜያቸው ሠላሳ አንድ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ የምላቸውም ለዕድሜያቸው ሳይሆን ለማብራሪያቸው ርዝመት ነው።

እኔ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። የመዝገብ አያያዝ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ከአቧራና ከባለጉዳይ ጋር ኖሬአለሁ። ክፍሉ ውስጥ ራሙ፣ ማለትም ሚሞሪው፣ ሁለት ጊጋ ብቻ የሆነ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ሁለት ነገር አብሮ ከተከፈተበት ያቃስታል። አንድ ቀን አቶ ሙስዓብን አስጠርቼ «ራም ጨምርልኝ» አልኳቸው።

«እትዬ ፋሲካ» አሉና ወንበር ሳቡ፤ «ሚሞሪ አይጨመርም፣ ይተዳደራል።»

«ራም ጨምርልኝ ነው ያልኩህ።»

«ይኸውልሽ። ይኼ ጠረጴዛሽ ሚሞሪው ነው። ከጀርባሽ ያለው መጋዘን ዲስኩ ነው። አንቺ ከርነሉ ነሽ።»

«ከርነል ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተሩ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነዋ! ሥራውን ሁሉ እኩል እኩል ገጽ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጠረጴዛው ሲሞላ፣ ብዙ ጊዜ ማንም ያልነካውን ገጽ ወደ ዲስኩ ይገፋዋል። የት እንዳኖረው በሰንጠረዥ ይይዛል። ያ ገጽ ሲጠራ ሄዶ ያመጣዋል። ባለጉዳዩ መውጣቱንም መመለሱንም አያውቅ። እንዲያውም እያንዳንዱ ፕሮግራም ጠረጴዛው በሙሉ የብቻዬ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ሁሉንም የሚሸነግላቸው ከርነሉ ነው።»

«እኔ ማንንም አልሸነግልም።»

«ወላሂ በደግ ነው! አብሽሪ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የመሬት ፋይላቸውን ፈልገው የመጡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ነበር። ማብራሪያው ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ የኔ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ነው መጋዘን?»

«የእርስዎማ መጋዘን ነው አባባ።»

«እንግዲያው ከርነሏ ትነሣልኝ እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ እኮ ቆሜያለሁ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ ስሜ ከርነሏ ሆነ። የጥበቃው ሰው እንኳ «ከርነሏ ገብታለች» እያለ ባለጉዳይ ይልክብኝ ጀመር።

እኔ ግን በደብዳቤ የማምን ሰው ነኝ። ራም እንዲገዛ ለአለቃችን ለአቶ ሽታው ሦስት ደብዳቤ በተከታታይ ቁጥር ጻፍኩ። አቶ ሽታውም ጉዳዩ የባለሙያ አስተያየት ያስፈልገዋል ብለው ባለሙያ ጠሩ። በከተማው ያለው ባለሙያ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አቶ ሙስዓብ አራት ገጽ ሪፖርት አቀረቡ፤ ሦስት ገጽ ተኩሉ ከርነል እንዴት እንደሚሠራ ነው። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «ስለሆነም ሚሞሪ አይጨመርም፣ ይተዳደራል» ይላል። አቶ ሽታው «ይኸው፣ ተመራመሩበት» ብለው መለሱልኝ። ሪፖርቱን ፋይል አደረግኩት፤ ፋይል ማድረግ ግዴታዬ ነው። ለአንድ ሳምንት ግን አቶ ሙስዓብን ሰላምታ ነፈግኳቸው። እሳቸው አላስተዋሉም።

በከተማው ሙሉ ማብራሪያቸውን ሰምታ የጨረሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እናቴ ወይዘሮ ተሾመች። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው ሐይቅ ከተማ፣ ከውኃው ዳር ነው። አምና ሕመሟ ሲጠና ውጫሌ አመጣኋት። ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ይዣት እመጣና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ የሕይወት ታሪኳን እየነገረችኝ እተይባለሁ። እያንዳንዱን ነገር የምትጀምረው «በይ ጻፊ» ብላ ነው። እኔም ቃል በቃል ስለምጽፍ «በይ ጻፊ» የሚለውንም እጽፈዋለሁ። ጸሐፊ የአስጻፊውን ትእዛዝ ይዘላል የሚል ነገር አልተማርኩም።

አቶ ሙስዓብ ቅዳሜ ቅዳሜ ገመድ ላስተካክል ብለው ብቅ ይላሉ። ገመዱ ሰበብ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሆነው ለእናቴ ስለ ገጾቹ ያወሩላታል።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አለቻቸው አንድ ቀን፤ «ያ ወደ መጋዘን የተገፋው ገጽ አይከፋውም?»

«አይከፋውም እማማ። እንደተገፋ አያውቅማ።»

«የሚያውቅ ቢሆንሳ?»

አቶ ሙስዓብ የያዙትን ገመድ አስቀመጡ። ከሥር ወጥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ሲጠራ ይመጣል እማማ» አሏት፤ «የት እንዳለ ተጽፏል።»

«እሰይ» አለች እናቴ፤ ወደ መስኮቱም ዞረች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሞተች። ለቅሶው ላይ ድንኳናችን ስልሳ ሰው ይይዛል፤ ከሐይቅና ከአጎራባቹ ከአርዲቦ ዙሪያ የመጣው ሰው ግን ሁለት መቶ አለፈ። ወንድሞቼ ሲጨናነቁ አቶ ሙስዓብ በሩ ላይ ቆሙ። ብዙ ሰዓት የተቀመጡትንና ወሬ ያቆሙትን በትሕትና እያስነሡ ወደ ጎረቤት ግቢ ላኩ፤ ማን የት እንዳለ በእጅ ስልካቸው ላይ መዘገቡ። አዲስ የመጣ ዘመድ «እገሌስ?» ሲል ሄደው ያመጡታል። ማንም ቦታ አጣሁ አላለም። ከሐይቅ ሁለት አውቶቡስ አንድ ላይ እስኪደርስ ድረስ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወጪና ገቢ ሆነ፤ የሚቀመጥም የሚያለቅስም ጠፋ። አቶ ሙስዓብ አጠገቤ መጥተው በሐዘን ድምፅ «ከርነልም እኮ እንዲህ ይሆናል እትዬ፤ ሥራው ሁሉ ማመላለስ ብቻ ይሆንና ቀጥ ይላል» አሉኝ። በእናቴ ለቅሶ ላይ መሆኔን ረስቼ ልስቅ ነበር።

በቀብሩ ላይ ያነበብኩት የሕይወት ታሪክ አምስት መስመር ነው። ለወንድሞቼና ለዘመድ «ሙሉውን፣ በራሷ ቃል፣ በአርባዋ አነባለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

አሁን ጥፋቴን ልጻፍ። ከእኔ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ያላለቀ፣ በሁለተኛ ሰው ያልተረጋገጠ መዝገብ ስምና ቁጥር አይሰጠውም። ስም ያልተሰጠው ደግሞ አይቀመጥም። ስለዚህ የእናቴ ቃል ሦስት ወር ሙሉ ስሙ ያልወጣለት፣ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ኖረ። ኮምፒውተሩን አስተኛዋለሁ እንጂ አላጠፋውም። በራሱ ጊዜ ሴቭ የሚያደርገውን ነገር ድሮ ዘግቼዋለሁ፤ ሳይታዘዝ መዝገብ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ አልወድም። መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ ነበረኝ። ከሞተች በኋላ የመጨረሻውን ቅዳሜ ገጽ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አነበዋለሁ። የቀሩትን ለአርባዋ ብዬ አልነካኋቸውም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ነፋስ ምሰሶ ጣለ። መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ባትሪው የሚያቆየው ሦስት ሰዓት ነው።

ስመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ለአቶ ሙስዓብ ስልክ ደወልኩ።

«ከፍተሽዋል?»

«አልከፈትኩትም።»

«እንዳትነኪው! ወላሂ ጣትሽን እንዳታሳርፊበት!»

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ ጫማውን ሳያስር ከባጃጅ መቆሚያው እየሮጠ የመጣን ሰው «መጡ» ማለት አልችልም። ሙስዓብ መጣ። ወንበር አልሳበም። ቆሞ እያለከለከ ዲስኩን ፈታው።

«ሚሞሪው ላይ የነበረው ከመብራቱ ጋር ሄዷል» አለኝ። «ወደ ዲስክ የተገፋው ግን እዚያው አለ። ብትከፍችው ኖሮ ከርነሉ አዲስ ሥራ ይጽፍበት ነበር።»

«የእሷ ቃል ተገፍቶ ይሆን?»

«ራምሽ ጠባብ ነው» አለ፤ «አልሐምዱሊላህ።»

ከእሱ አፍ የሰማሁት አጭሩ ማብራሪያ ይህ ነው።

በማግስቱ ከሱቁ ደወለልኝ። «ዲስኩ ላይ የተገፋው ሁሉ ተቀላቅሎ ነው ያለው። አንድ ቃል ስጪኝ፤ እማማ የሚሉት፣ ከመሬት ፋይል ውስጥ የማይገኝ።»

ማሰብ አላስፈለገኝም። «በይ ጻፊ።»

ዐሥራ አንድ ቦታ ላይ ተገኘ።

ገጾቹ እንዳገኛቸው አትሞ አመጣልኝ። ቅደም ተከተል የላቸውም፤ አንዱ ገጽ ቃል መሐል ይቆረጣል፣ ሌላው ከቃል ግማሽ ይጀምራል። ሰርጓ ከልጅነቷ በፊት መጥቷል፤ የአባቷ ታንኳ ከታላቅ ወንድሜ ልደት ቀጥሎ ነው። ማስተካከሉ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሁለት ቀን ሠራሁ፤ እያንዳንዱ የተቆረጠ ቃል ጓደኛውን አገኘ። ሦስት ደብዳቤ የጻፍኩለት ራም ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጠረጴዛው ሰፊ ስለሚሆን አንድም ገጽ ወደ ዲስክ አይገፋም ነበር፤ ሁሉም ከመብራቱ ጋር ይሄድ ነበር። ይህን ሙስዓብ አላለም። ሊል ሲቃጣው አይቻለሁ፤ ዋጠው።

አንድ ገጽ ግን የለም። የመጨረሻው ቅዳሜ።

«እሱን በየቀኑ ታነቢው ነበር?» አለኝ።

«በየጠዋቱ።»

«ለዚያ ነው። በየቀኑ የሚነካ ገጽ አይገፋም፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።» ወደ እኔ ዞረ። «ግን እትዬ፣ በየጠዋቱ ካነበብሽው እሱ አንቺው ጋ ነው ያለው።»

ተቀምጬ ጻፍኩት። ልጅ ሳለች ከጎረቤቷ ልጅ ከሐቢባ ጋር ልብሳቸውን ሸምበቆ ውስጥ እየደበቁ ዋና እንደተማሩ፤ አባቷ ሳያውቁ እንደሞቱ፤ እኔም ልጇ በአርባ አራት ዓመቴ እንደሰማሁ። «በይ ጻፊ። እችላለሁ። ሐይቁን እስከ መሐሉ እሄድ ነበር።» ጽፌ ስጨርስ ደንቤ ፊቴ ቆመ፤ ሁለተኛ ሰው ያላረጋገጠው አይገባም። ያን ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሷ ሌላ የነበረው ሰው አንድ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ያለ ማቋረጥ ሲያወራ የነበረ። ሰምቷል ብዬ አልጠበቅኩም።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበ።

«ሸምበቆ አላሉም» አለ፤ «ደንገል ነው ያሉት።»

ልክ ነበር። ድምፅዋ ተመለሰልኝ። ደንገል። አረምኩት።

«ሌላስ?»

ወረቀቱን እያየ ጆሮውን አሻሸ። «መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። ‹ይህን ልጅ ሲያወራ አታቋርጪው› ብለውሻል።»

«መቼ?»

«ያኔ። አልሰማሽ ይሆናል፤ እየተየብሽ ነበር።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ የመጣን ሰው ከበር ነው የምለየው። ፊቱን አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ገጽ በየጠዋቱ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ የሚል መስመር አልነበረውም።

አስገባሁት። አስፈረምኩት። ስምና ቁጥር ሰጠሁት፤ ሴቭ አደረግኩት። ለአቶ ሽታውም አራተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የቀደሙት ሦስቱ እንዲሰረዙ።

በአርባዋ ሙሉውን አነበብኩ። ዋና መማሯ ላይ ስደርስ ወንድሞቼ እርስ በርስ ተያዩ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ድንኳኑ በሙሉ ወደ ሙስዓብ ዞሮ ሳቀ፤ እሱ ጫማውን አየ።

ኋላ ወጡን ይዤ ስዞር፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ለአጎቴ ሲያስረዳ አገኘሁት። «ጠረጴዛው ሚሞሪው ነው በሉት…» ይላል። አጎቴ ባዶ ሳህኑን ይዞ አድነኝ በሚል ዓይን አየኝ።

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። በመዝገብ የገባ ነገር ነው።