ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አራተኛው ተራ

ሰላም ሲሉት እንኳ ሰላምታው የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳያጣራ የማይመልስ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ለሸዋ ሮቢት የደረሷት መምህር ዘርትሁን ናቸው፤ የኮሌጁ የፕሮግራሚንግ አስተማሪ፣ ሊቀ ካራክተር ወስትሪንግ።

«ዓይነቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። ማንጎ ሲገዙ ይላሉ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲባል ይላሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው «አንድ ሰው መጣ» ቢባል፣ «ብቻውን ነው ወይስ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ቡድን?» ብለው ሐዘንተኛውን ያስቁታል።

ትምህርታቸውም ይኸው ነው። «ካራክተር ራቁቱን የቆመ አንድ ፊደል ነው። ስትሪንግ ግን ኦብጀክት ነው፤ ፊደላት የሚያዙበት ፌስታል በሉት። አንዲት ሽንኩርት ፌስታል ውስጥ ካስገባችሁ የያዛችሁት ፌስታል ነው። ለማውጣት ስንተኛዋ እንደሆነች ንገሩት፤ ቆጠራው ደግሞ ከዜሮ!»

ሚስት አለማግባታቸውን ተማሪዎቹ እንዲህ ገጠሙበት፦

ዓይነቷን ሲጠይቅ የወደዳትን ልጅ፣
ሌላ ሰው ወሰዳት ከነሳቋ ከደጅ።

ያኔ ተማሪያቸው የነበረችው ፈይሩዝም አብራ ዘፍናለች። ተመርቃ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ከተቀጠረች ወዲህም ከሩቅ ስታያቸው ስልክ የምታናግር ትመስላለች፤ አንዴ ከያዙ ግማሽ ሰዓት አይለቁማ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የገበሬውን የውሃ ተራ ራሷ በጻፈችው ፕሮግራም አተመች። ወረቀቱ ላይ የማሳው ፊደልና የቦዩ ፊደል ጎን ለጎን መውጣት ነበረባቸው። የወጣው ግን ቁጥር ነው። አዛውንቱ ሙሳ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አራተኛ ነህ ይለኛል። ወላሂ፣ እንኳን ሽንኩርቱ እኔም እስከዚያ አልቆይ!»

ሽንኩርታቸው ስድስት ቀን ውሃ አልቀመሰም። በዚያ ሙቀት ሰባተኛውን አይሻገርም። የቦይ ጠባቂው ኡበይድም የውሃውን በር አልከፍትም አለ።

«ፊደሉን ሳላይ አልነካውም። ባለፈው በአፍ ብቻ አምኜ ብከፍት ገበሬዎቹ አካፋ ተማዘዙብኝ።»

ፈይሩዝ ኮዱ ላይ አንድ ሰዓት አፈጠጠች፤ ምንም። አማራጭ ስታጣ ደወለች።

«ዓይነቱ ምን...»

«መምህር፣ በአላህ ይሁንብዎ! የሰው ሽንኩርት ሊሞት ነው!»

በባጃጅ ከተፍ አሉ። ስክሪኑን አንዴ አይተው፣ «ሀ እና ለን ደመርሽ?» አሉ።

«ኧረ አገናኘሁ እንጂ መች ደመርኩ?»

«ራቁታቸውን ናቸዋ! ለማሽኑ ሀ ማለት አራት ሺህ ስድስት መቶ ስምንት ነው። ለ ደግሞ አራት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ስድስት። ሁለቱን ያለ ልብስ ብታገናኚያቸው ሒሳብ ይሠራሉ። ባዶ ፌስታል አስቀድሚላቸው።»

ከፊደሎቹ በፊት፣ በመካከሉ ምንም የሌለበት ትምህርተ ጥቅስ ጻፈች። ባዶ ስትሪንግ። ወረቀቱ «ሀለ» ብሎ ወጣ። ኡበይድ አንብቦ በሩን ከፈተ፤ ውሃውም ለብቻው እንደሚያንጎራጉር ሰው ቀስ እያለ ወደ ሙሳ ማሳ ወረደ።

መምህር ዘርትሁን ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሙሳን ይዘዋቸዋል። «አባ ሙሳ፣ አሁን የዚህ ውሃ ዓይነቱ...»

«ውሃ ነዋ፣ መምህር!» ብለው ሙሳ አካፋቸውን አንስተው ሄዱ።

መምህሩ ብቻቸውን ቀሩ። ወደ ከተማ የሚመለሰው ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል። ፈይሩዝ አንዴ ባጃጁን፣ አንዴ እሳቸውን አየች።

«መምህር፣ ከስትሪንጉ ውስጥ አንዷን ፊደል መልሼ ማውጣት ብፈልግስ?»

መልሱን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ታውቀዋለች። የመምህሩ ፊት በራ። ፈይሩዝ ባጃጁን በእጇ አሰናብታ ቦዩ ዳር ተቀመጠች።